ምስክሩን ሳይሰሙ መጥራት፦ የ«ሳይቴሽን» ታሪክ በሕክምና ጽሑፍ

በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችንም ሆነ በየሆስፒታሉ የጠዋት ስብሰባ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» የሚለውን ያህል የሚዘወተር አነጋገር ጥቂት ነው። ተናጋሪው ይህን ሲል አድማጩ ጆሮውን ይሰጣል፤ የጥናቱን ጸሐፊና ዓመት ሲጨምርበት ደግሞ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪም ከአማካሪው ደጋግሞ የሚሰማው ማሳሰቢያ «ይህን ሐሳብ ሳይት አድርገው» የሚል ነው። ተማሪው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ቁጥር ያስቀምጣል፤ ሐሳቡም ከዚያች ቁጥር በኋላ የእርሱ መሆኑ ቀርቶ የሳይንስ ይሆናል።

ይህ ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ቃል ከየት እንደ መጣ፣ ምን ምን ትርጉም እንዳለው፣ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ምን እንዳለማና ምን እንዳጠፋ ግን ቆም ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ብዙ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩን በአጭሩ መቃኘት ነው። ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፦ መጥቀስ ምስክር መጥራት ነው፤ በሕክምና ሙያ ምስክሩን ሳይሰማ የጠራ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ መጨረሻው የሚያርፈው በሕመምተኛው ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉ ከወዲሁ እናሳስባለን።

የቃሉ አመጣጥ

«ሳይት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ምንጩ «ኪታሬ» የሚለው የላቲን ቃል ነው። ትርጉሙም ማንቀሳቀስ፣ መቀስቀስ፣ መጥራት ማለት ነው። ተከሳሽን ወይም ምስክርን በስሙ ጠርቶ በዳኛ ፊት እንዲቆም ማድረግ በዚሁ ቃል ይነገር ነበር። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ይዞት የመጣው ይህንኑ የሕግ ትርጉም ነው። «ሳይቴሽን» ማለት በመጀመሪያ የመጥሪያ ትእዛዝ፣ በተለይም ሰውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት የሚያስቀርብ ወረቀት ነበር። ደራሲን ወይም መጽሐፍን ለማስረጃነት መጥራት የሚለው ትርጉም የተከተለው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው።

በዚህ ረገድ ቃሉ ገና ከጥዋቱ ከሕክምና ሙያ ጋር ተገናኝቷል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ የወጣ ሕግ ለሐኪሞችና ለቀዶ ሕክምና ሠሪዎች የሥራ ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለጳጳሳት ሰጥቶ ነበር። ያለ ፈቃድ ሲያክም የተገኘ ሰውም በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሊጠራ ይችል ነበር። ለዚያ ዘመን ሐኪም «ሳይት ተደረግህ» ቢሉት የሚሰማው ኩራት ሳይሆን ድንጋጤ ነበር ማለት ነው።

ቃሉ ዛሬም እነዚህን ተቃራኒ ስሜቶች አብሮ እንደ ተሸከመ ይኖራል። በአሜሪካ የትራፊክ ፖሊስ ለአጥፊ አሽከርካሪ የሚሰጠው የቅጣት ወረቀት «ሳይቴሽን» ይባላል። የአረጋውያን መጦሪያ ተቋማትን የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ጉድለት አግኝቶ ሲመዘግብም ተቋሙ «ሳይት ተደረገ» ይባላል፤ በዚያ አገር በነርስነት የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ይህን ትርጉም ከማናችንም በላይ ያውቁታል። በአንጻሩ በጦር ሜዳ ጀብዱ ለፈጸመ ወታደር የሚነበበው የምስጋና ቃል፣ ለክብር ዶክትሬት ተቀባይ የሚሰማው የሥራ ዝርዝር፣ የኖቤል ሽልማት የሚሰጥበት ምክንያት የሚገለጽበት አጭር ጽሑፍ ሁሉ በዚሁ ቃል ይጠራሉ። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ደግሞ የአንድን ቃል ትርጉም ለማሳየት ከመጻሕፍት የሚለቅሙትን ዓረፍተ ነገር በዚህ ስም ይጠሩታል።

የመጨረሻው አገልግሎት አንድ የሚደንቅ የሕክምና ታሪክ አለበት። ከ1884 ጀምሮ በየክፍሉ እየታተመ በ1928 ለተጠናቀቀው ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሶችን ለቅመው ከላኩት ሰዎች አንዱ ዊልያም ማይነር የተባለ የቀድሞ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነበር። ይህ ሰው በአእምሮ ሕመም ሳቢያ በ1872 ለንደን ውስጥ አንድ ንጹሕ ሰው ገድሎ፣ ብሮድሙር በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ተዘግቶበት ይኖር ነበር። ሥራውን የሠራው በክፍሉ ውስጥ በሰበሰባቸው መጻሕፍት ነው። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ቃሉን፣ ዓረፍተ ነገሩንና ገጹን እያስተካከለ ይመዘግብ ነበር፤ መዝገበ ቃላቱም በማስረጃነት ተቀብሎታል። ጥቅስን የሚያስከብረው የጠቃሹ ማንነት ሳይሆን የተጠቀሰው ነገር በተባለበት ቦታ መገኘቱ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በእኛ ቋንቋ

አማርኛችን ለዚህ ተግባር የመረጣቸው ቃላትም ከእንግሊዝኛው ጋር የሚቀራረብ ምሥጢር አላቸው። «ጠቀሰ» ስንል ደራሲን ወይም መጽሐፍን አነሣ ማለታችን ብቻ አይደለም። በዓይን ምልክት ሰጠ፣ ያለ ድምፅ ጠራ ማለትም ነው። ብዕርን ከቀለም፣ እንጀራን ከወጥ ማስነካትም «ማጥቀስ» ይባላል። እንግዲህ በእኛም ዘንድ መጥቀስ በአንድ በኩል መጥራት፣ በሌላ በኩል ከምንጩ ጥቂት መንካት ነው። «ዋቢ» የሚለው ቃል ደግሞ ጭራሹን ከሙግት አደባባይ የመጣ ነው፤ ዋስ፣ ተያዥ፣ መከታ ማለት ነው። በመጽሐፍ መጨረሻ «ዋቢ መጻሕፍት» ብለን ስንጽፍ «ለተናገርሁት ነገር እነዚህ ይዋሱኛል» እያልን ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም የራሳቸው የጥቅስ ሥርዓት አላቸው። የአንድምታ መምህር የተረጎመውን ምሥጢር በሌላ መጽሐፍ ቃል ካስረዳ በኋላ «እንዲል» ብሎ ይዘጋል። የተለየ ትርጓሜ ሲኖርም የፊተኛውን ሳይደመስስ «አንድም» ብሎ ይቀጥላል። በዚህ ሥርዓት ደቀ መዝሙሩ የመምህሩ የራሱ ቃል የቱ እንደ ሆነ፣ ከመጽሐፍ የመጣው የቱ እንደ ሆነ፣ ሊቃውንት የተለያዩበትም የቱ ላይ እንደ ሆነ ለይቶ እየሰማ ያድጋል። ዘመናዊው የሕክምና ጽሑፍ ከጸሐፊው የሚጠብቀው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከጋሌን እስከ ቬሳሊየስ

በሕክምና ታሪክ ጥቅስ ትልቅ ኃይል እንዳለው ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ በ2ኛው ምዕተ ዓመት በሮም ይኖር የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ነው። ጋሌን ከእርሱ ስድስት ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረውን ሂፖክራተስን ያለ ማቋረጥ ይጠቅስ ነበር፤ የእርሱ የራሱ ስም ደግሞ ገና በሕይወት ሳለ የሌሎች መነገጃ ሆነ። አንድ ቀን በሮም የመጻሕፍት ሻጮች መንደር አንድ ሰው የጋሌን ስም የተጻፈበትን መጽሐፍ ይገዛል። ሌላ የተማረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች እንዳነበበ አነጋገሩ የጋሌን እንዳልሆነና ስሙ በሐሰት እንደ ተለጠፈ ይናገራል። ይህን በዓይኑ ያየው ጋሌን የጻፋቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ የሚዘረዝር ሌላ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተገደደ።

የጋሌን ስም ከሞቱም በኋላ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እንደ ማይረታ ምስክር ሲጠራ ኖረ። የዚህን መዘዝ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ጋሌን በአንጎል ሥር የቀጫጭን ደም ወሳጅ ሥሮች መረብ መኖሩን ጽፎ ነበር። «ሬቴ ሚራቢሌ» ወይም «ድንቅ መረብ» የተባለው ይህ አካል የሕይወት መንፈስ ተጣርቶ የአእምሮ መንፈስ የሚሆንበት ቦታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። መረቡ በእርግጥ በበሬና በበግ ይገኛል፤ በሰው ግን የለም። ጋሌን ምርምሩን ያካሄደው በእንስሳት ላይ ስለ ነበር ያየውን ለሰውም ሰጠው፤ ተከታዮቹ ደግሞ ሳያዩ ጠቀሱት። ጠቃሹ በበዛ ቁጥር መረቡ ይበልጥ እውነት እየመሰለ ሄደ። በ1521 የቦሎኛው የአካል ጥናት መምህር በሬንጋሪዮ ዳ ካርፒ ደጋግሞ ፈልጎ እንዳላገኘው በግልጽ ጻፈ። በ1543 ደግሞ አንድሬያስ ቬሳሊየስ በታላቁ የአካል ጥናት መጽሐፉ መረቡ በሰው ዘንድ አለመኖሩን አስታወቀ።

ቬሳሊየስ ከዚህ ጋር ያደረገው ኑዛዜ ከግኝቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። እርሱ ራሱ ቀደም ሲል የሰው ራስ ለተማሪዎች በሚያሳይበት ጊዜ፣ በሰው ውስጥ ያላገኘውን መረብ ለማሳየት የበግ ወይም የበሬ ራስ አጠገቡ ያዘጋጅ እንደ ነበር ጽፏል። ዓይኑ የነገረውን ትቶ መጽሐፍ የነገረውን ማስተማሩን አልሸሸገም። በጥቅስ ብዛት የተደገፈ ስሕተት የቱን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል፤ ቢላዋ በእጁ የያዘውን፣ አስከሬኑ በፊቱ የተዘረጋለትን ሰው እንኳ ሊያሳውር ችሏል።

በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል የተሻለ መንገድ ያሳየ ሐኪም አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ925 ገደማ ያረፈው የፋርሱ ሊቅ አል ራዚ ሲያነብና ሲያክም የሰበሰባቸው ማስታወሻዎች ከሞቱ በኋላ «አል ሐዊ» በተባለ ግዙፍ መጽሐፍ ተጠናቀሩ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ ሐሳብ የባለቤቱን ስም ይዞ ይቀርባል። አል ራዚ የራሱን አስተያየት ወይም በራሱ ሕሙማን ላይ ያየውን ሲጨምር ደግሞ በዐረብኛ «ሊ»፣ ማለትም «የእኔ»፣ የሚል ቃል ያስቀድማል። አንባቢው የጋሌንን ከሂፖክራተስ፣ የሁለቱን ደግሞ ከአል ራዚ ለይቶ መመዘን ይችላል። ይህች አጭር ቃል የሳይንሳዊ ጥቅስን ሥነ ምግባር በሙሉ ታጠቃልላለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥቅስ እንደ ክብር

ጥቅስ ማስረጃ ብቻ ሳይሆን የምስጋና ዕዳ መክፈያም ነው። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር የሚያስከትለውን ቅሬታ የስትሬፕቶማይሲን ታሪክ በሚገባ ያሳያል። ይህን የመጀመሪያ ውጤታማ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በ1943 በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ በቤተ ሙከራ ያገኘው በፕሮፌሰር ሴልማን ዋክስማን ሥር ይሠራ የነበረው ወጣቱ ተመራማሪ አልበርት ሻትዝ ነበር። በ1944 መጀመሪያ ግኝቱን ባሳወቀው ጽሑፍ ላይም በመጀመሪያ የተጠቀሰው የሻትዝ ስም ነበር። ሆኖም ዝናው ሁሉ እየዋለ እያደረ ወደ ዋክስማን አዘነበለ። ሻትዝ በ1950 ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሰሰ፤ በስምምነትም የግኝቱ ተካፋይ መሆኑ በሕግ ታወቀለት። ይህም ሆኖ በ1952 የኖቤል ሽልማት ለዋክስማን ብቻ ተሰጠ፤ የሽልማቱ መግለጫም የሻትዝን ስም አልያዘም። ስትሬፕቶማይሲን በየአገሩ፣ በእኛም ዘንድ፣ ስንቱን ከሞት እንደ መለሰ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ከአንድ ሳይቴሽን የአንድ ስም መቅረት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገነዘባል።

ማውጫዎችና ቁጥሮች

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሕክምና መጽሔቶች ቁጥር እየበዛ ሲሄድ አዲስ ችግር ተፈጠረ፤ ምስክሮቹ በዙ፣ አድራሻቸው ግን ጠፋ። የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበረው ጆን ሾው ቢሊንግስ ከሮበርት ፍሌቸር ጋር በመሆን በ1879 «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተባለውን የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ በየስልካችን የምንከፍተው «ፐብሜድ» የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው። በ1978 ደግሞ ጥቂት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ለመጽሔቶቻቸው የሚላኩ ጽሑፎች ዋቢዎቻቸውን በአንድ ዓይነት መልክ እንዲያቀርቡ ተስማሙ። ተማሪዎቻችን «ቫንኩቨር ስታይል» የሚሉት፣ ዋቢዎችን በጽሑፉ ውስጥ በተነሡበት ቅደም ተከተል በቁጥር የሚያሰፍረው ሥርዓት ስሙን ያገኘው ከዚህ ስብሰባ ነው።

ከሁሉም የሚበልጥ ለውጥ ያመጣው ሐሳብ ግን እንደ ቃሉ ሁሉ ከፍርድ ቤት የመጣ ነው። በ1873 ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ለጠበቆች አንድ አገልግሎት ጀመረ። አንድ የፍርድ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የትኞቹ ፍርድ ቤቶች እንደ ጠቀሱት፣ የትኞቹ እንዳጸኑት፣ የትኞቹ እንደ ሻሩት የሚያሳይ ዝርዝር ያወጣ ነበር። ጠበቃ የተሻረ ፍርድ ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ስለማይችል ዝርዝሩ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። በ1955 ዩጂን ጋርፊልድ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ተመሳሳይ ማውጫ ለሳይንስ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ። ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ተመራማሪዎች ስሕተት የተገኘባቸውን ወይም ዘመን ያለፈባቸውን ጽሑፎች ሳይመረምሩ መጥቀሳቸው እንዲቀር ማድረግ ነበር። ማውጫው ከ1964 ጀምሮ በመደበኛነት መውጣት ቀጠለ።

ይሁን እንጂ ለማጣራት የተፈጠረው መሣሪያ ብዙም ሳይቆይ የመቁጠሪያ መሣሪያ ሆነ። አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ ማወቅ ሲቻል፣ የጥቅሱ ብዛት የጥራት መለኪያ ተደርጎ ተወሰደ። መጽሔቶችን ለመምረጥ እንዲረዳ የታሰበው «ኢምፓክት ፋክተር»ም የሰው እድገትና የምርምር ገንዘብ መወሰኛ ሆነ። ብዙ ተመራማሪዎችና ተቋማት ይህን አካሄድ በመቃወም በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ብዙ መጠቀስ ብዙ መመርመር ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ይመሰክራል።

አምስት ዓረፍተ ነገር

በጥር 1980 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» በአንባብያን ደብዳቤ ዓምዱ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ ሲሆኑ፣ ደብዳቤው በአጠቃላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሆስፒታል ተኝተው ክትትል ከተደረገላቸው 39,946 ሕሙማን መካከል 11,882ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የናርኮቲክ መድኃኒት እንደ ወሰዱ፣ ከእነዚህም ቀደም ሲል ሱስ ያልነበረባቸውና ሱስ እንደ ያዛቸው በሚገባ የተመዘገበ አራት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ይገልጻል። ደብዳቤው ያለው ይህን ብቻ ነው። ከሆስፒታል ወጥተው መድኃኒቱን ለወራት ወይም ለዓመታት ስለሚወስዱ ሰዎች አልተናገረም፤ ሕሙማኑ ምን ያህል መጠን ለስንት ቀን እንደ ወሰዱ፣ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላም ምን እንደ ደረሰባቸው አላመለከተም። ጸሐፊዎቹም ስለዚህ ሁሉ እናውቃለን አላሉም።

ደብዳቤውን የጠቀሱት ግን አሉ። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች በጠቃሾች እጅ ሲተላለፉ በአንዱ ዘንድ «ሰፊ ጥናት»፣ በሌላው ዘንድ ደግሞ «ፈር ቀዳጅ ጥናት» ለመባል በቁ። ኦክሲኮንቲን የተባለው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦፒዮይድ በ1996 ገበያ ላይ ሲውል፣ መድኃኒቱ በሕመም ምክንያት ለሚወስደው ሰው ሱስ የማስያዝ አደጋው እጅግ አነስተኛ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰዶ ነበር። አምራቹ ኩባንያ ስለ መድኃኒቱ የሱስ አደጋ በማሳሳቱ በ2007 ጥፋተኝነቱን አምኖ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል።

በ2017 የካናዳ ተመራማሪዎች ያንን ደብዳቤ የጠቀሱትን ጽሑፎች ሁሉ ሰብስበው መረመሩ። ጥቅሶቹ 608 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 72 በመቶ ያህሉ ደብዳቤውን የጠሩት ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ነው። 81 በመቶ ያህሉ ደግሞ ጥናቱ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ሕሙማንን ብቻ የሚመለከት መሆኑን አልገለጹም። መጽሔቱ ከዚያ በኋላ በደብዳቤው ላይ የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ አያያዘበት። ጂክም ደብዳቤያቸው ለዚያ ዓላማ መዋሉ እጅግ እንዳሳፈራቸው ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። በ2021 በአሜሪካ ከኦፒዮይድ ጋር በተያያዘ ከመጠን ያለፈ አወሳሰድ የሞቱት ሰዎች ወደ 80 ሺህ ይደርሱ ነበር። በእርግጥ ለዚህ ሁሉ ሞት ተጠያቂው አንድ ደብዳቤ አይደለም። በኋለኞቹ ዓመታት አብዛኛውን ሕይወት የቀጠፈው በሕገ ወጥ መንገድ የተሠራ ፈንታኒል ነው። ቢሆንም ለቀውሱ በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ፣ ማንም ሊያነበው ሲችል ብዙዎች ሳያነቡ የጠሩት አንድ ምስክር ነበር።

ከዚህ ታሪክ ተቃራኒውን የተሳሳተ ትምህርት እንዳንወስድ ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ ታዳጊ አገሮች በካንሰር የሚሠቃይ ሰው ሞርፊን አጥቶ በሕመም የሚያልፍበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የአሜሪካን ቀውስ እየጠቀሱ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ መድኃኒት መንፈግም ያንኑ ስሕተት በተገላቢጦሽ መድገም ይሆናል። የሆስፒታል ሕሙማንን ማስረጃ ከሆስፒታል ውጭ ላሉት መስጠት ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሌላ አገር የረጅም ጊዜ ተጠቃሚዎችን ማስረጃ በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሕመምተኛ ማዋልም ስሕተት ነው።

የተሻሩና የሌሉ ምስክሮች

የፖርተርና የጂክ ደብዳቤ ብቸኛ ምሳሌ አይደለም። በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ በሕክምና መጽሔቶች ከሚገኙ ጥቅሶች ከአራቱ አንድ ገደማ የተጠቀሰውን ጽሑፍ በትክክል እንደማያንጸባርቁ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ከባድ ስሕተት እንዳለባቸው አመልክቷል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተሻረን ማስረጃ መጥራት ነው። በ1998 «ላንሴት» መጽሔት ያወጣው፣ አሥራ ሁለት ሕፃናትን ብቻ የሚመለከተውና የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ለማያያዝ የሞከረው የአንድሩ ዌክፊልድና የባልደረቦቹ ጽሑፍ በ2010 ሙሉ በሙሉ ተሽሯል። ጽሑፉ ከዚያም በኋላ መጠቀሱን አላቆመም፤ ክትባት የሚፈሩ ወላጆች ጆሮም ዛሬ ድረስ ይደርሳል። ሼፐርድ ለጠበቆች ያዘጋጀው ዝርዝር ለምን እንዳስፈለገ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከዚህም የተለየ ነገር መጥቷል። ጽሑፍ የሚያመነጩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ፈጽሞ ያልተጻፈን ጥናት፣ ከጸሐፊ ስም፣ ከመጽሔት፣ ከዓመትና ከገጽ ጋር አሳምረው ሊያቀርቡ ይችላሉ። በሰኔ 2023 በኒው ዮርክ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም የተፈጠሩ የሌሉ ፍርዶችን ጠቅሰው በቀረቡ ጠበቆች ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ወስነዋል። ቃሉ ከተነሣበት ፍርድ ቤት ተመልሶ ገባ፤ የተጠሩት ምስክሮች ግን ከቶ አልተወለዱም ነበር። ጠበቃው ዳኛ ያጣራበታል። በአንድ የጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ የሆነ ባለሙያ በስልኩ ያገኘውን የመድኃኒት መጠን ግን ከእርሱ በቀር የሚያጣራለት የለም።

ለዕለት ሥራችን

ጥቅስ የጸሐፊዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ባለሙያ ካለ የሕሙማንን ካርድ ያስተውል። «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚል ማስታወሻ አንድ ጊዜ በካርድ ላይ ከተጻፈ፣ ከተረኛ ወደ ተረኛ፣ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየተገለበጠ ይኖራል። በአሜሪካ ከመቶ ታካሚዎች አሥር የሚሆኑት ይህ ማስታወሻ አለባቸው፤ ሲመረመሩ ግን ከእነዚህ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት መድኃኒቱን ያለ ችግር የሚወስዱ ናቸው። ያ ማስታወሻም ጥቅስ ነው። ማን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ፣ ምን ዓይቶ እንዳለ ካልተጻፈ አባቶቻችን «ስማ በለው» ከሚሉት የተለየ አይደለም። ሕመምተኛውም በዚህ ምክንያት የሚሻለውን መድኃኒት አጥቶ የሚብሰውን ሊወስድ ይችላል። በሪፈር ወረቀት ላይ ከላኪው የተገለበጠ የበሽታ ስምም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ከታሪኩ የምናገኘው የሥራ መመሪያ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የምንጠቅሰውን ጽሑፍ ራሱን ማንበብ ይገባል፤ አጭር መግለጫውን ብቻ አይቶ ወይም ከሌላ ጽሑፍ ዋቢ ገልብጦ መጥቀስ ምስክሩን ሳይሰሙ መጥራት ነው። የመጽሔቶች ዋጋ ውድነት ለዚህ እንደ ምክንያት ሲቀርብ ቆይቷል፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 «ሂናሪ»ን ካቋቋመ ወዲህ፣ በነፃ የሚነበቡ መጽሔቶችም ከበዙ ወዲህ፣ ምክንያቱ እየሳሳ ሄዷል። ሁለተኛ፣ ዋናውን ማግኘት ባይቻል «እገሌ እንደ ጠቀሰው» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያላዩትን እንዳዩ ማስመሰል ነው። ሦስተኛ፣ ጥናቱ በማን ላይ፣ በምን ሁኔታ እንደ ተሠራ ከውጤቱ ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል፤ የ1980ውን ደብዳቤ ከጠቀሱት ከአብዛኞቹ ጽሑፎች የጎደሉት «ሆስፒታል የተኙ» የሚሉት ሁለት ቃላት ነበሩ። አራተኛ፣ የጠራነው ምስክር ከዚያ ወዲህ እንዳልተሻረ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ የራሳችንን ከሌላው ለይተን፣ እንደ አል ራዚ «ይህ የእኔ ነው» ማለትን እንልመድ።

ቬሳሊየስ በአንድ እጁ የበግ ራስ ይዞ የሰውን ያስተማረበት ዘመን ያለፈ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ያላነበብነውን ጥናት በዓረፍተ ነገራችን መጨረሻ ላይ በቁጥር ባስቀመጥን ጊዜ ሁሉ ያንኑ እናደርጋለን። ጥናቱን በተገቢው ሥርዓት የጠራ ባለሙያ ግን ቢሳሳት እንኳ የሚያርመው ሰው መንገዱን ተከትሎ ሊደርስበት ይችላል። በሬንጋሪዮና ቬሳሊየስ ጋሌንን ሊያርሙት የቻሉት ጋሌን ምን እንዳለ የት እንደ ተጻፈ ስለሚያውቁ ነው። ለሚመጡት የሙያ ልጆቻችን ልንተውላቸው የሚገባን ነገርም ይኸው ነው፤ የማይሳሳት ቃል ሳይሆን፣ ተከትለው ሊመረምሩት የሚችሉት ቃል።